ቀንበሩ የማን፣ በሬው የማን? የጥምር መንግሥት ካቢኔ ነገር

ባለፈው ሰሞን አጎቴ ከመንዝ ደብረ ብርሃን መጡ። ብርድ ልብስ ሊገዙ ነው። የመንዝ ባና እያለ የፋብሪካ ብርድ ልብስ ፍለጋ እዚህ ድረስ መምጣታቸው ገርሞኝ ልቀልድባቸው ስል እሳቸው ቀደሙኝ። ቡና የምንጠጣበት ቤት ሬዲዮ ተከፍቷል። ተንታኙ «ጥምር መንግሥት፣ ጥምር መንግሥት» እያለ ይደጋግማል።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ጥምር መንግሥት የሚሉት ያ የተቃዋሚው ሰውዬ ሚኒስትር የሆነበት ነው እንዴ?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ» ልል አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። አዎ አይደለማ። አይደለም ብዬ ደግሞ ዝም ማለት አይቻልም፤ ለምን እንዳልሆነ ማስረዳት አለብኝ። ለማስረዳት ስሞክር ነው ነገሩ ለእኔም ብዙ እንዳልጠራልኝ የገባኝ። አቦልና ቶና አለቁ፣ በረካም ተጨመረ። ያን ዕለት ያወራነውን፣ ቤት ገብቼ ያሟላሁትን ጨምሬ እነሆ።

አጎቴ ገበሬ ናቸው። ስለዚህ ከቀንበር ጀመርኩ።

አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው ማረስ አይችልም። ቀንበር ሁለት አንገት ይፈልጋል። ታዲያ ምን ያደርጋል? እንደሱ ባለ አንድ በሬ ጎረቤት ፈልጎ ይቀናጃል። ዛሬ የአንዱ ማሳ ይታረሳል፣ ነገ የሌላው። መቀናጆ ይሉታል። በ1997 ምርጫ ስሙን ሁላችንም የሰማነው «ቅንጅት» የሚለው ቃልም ከዚሁ ቤት የወጣ ነው። ፖለቲከኞቹ ቃሉን ከማሳ ወስደውት ነው፤ እኛ ግን ማሳውን ረስተን ቃሉን ብቻ ያዝን።

መቀናጆ ወረቀት የለውም፤ ውል ግን አለው። ድርቆሹን ማን ያቀርባል? በሬው ቢያነክስስ? ከሁሉ የሚብሰው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። የበልግ ዝናብ የጣለ ዕለት ማን ቀድሞ ያርሳል? አጎቴ እዚህ ላይ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እርጥበቱ ሳያመልጥ የዘራና ሦስት ቀን ቆይቶ የዘራ እኩል አያፍስም» አሉ። አንድ ዓመት በዚሁ በተራ ጉዳይ ከተቀናጃቸው ሰው ጋር ተኳርፈው ሽማግሌ ገብቶበታል።

ጥምር መንግሥትም ይኸው ነው። በሬው የምክር ቤት መቀመጫ ነው። ለብቻው የሚጠምደው ጥንድ የሌለው ፓርቲ ሌላ ባለ በሬ ይፈልጋል። ካቢኔው ደግሞ ማን የትኛውን ማሳ፣ በየትኛው ቀን እንደሚያርስ የተስማሙበት ነው። ምሳሌው ወደ ኋላ ላይ ትንሽ ያነክሳል፤ እስከዚያ ግን ይወስደናል።

ቁጥሩ ላይ እንቀመጥ

የአማራ ክልል ምክር ቤት 294 መቀመጫ ያለው ነው። ግማሹ 147 ነው። ስለዚህ ብቻውን መንግሥት ለመመሥረት የሚፈልግ ፓርቲ 148 ያስፈልገዋል። አሁን የምለው የሆነ ነገር አይደለም፤ ለማስረዳት የፈጠርኩት ነው። አራት ፓርቲዎች ተወዳደሩ እንበል። «ሀ» 130 አገኘ፣ «ለ» 104፣ «ሐ» 45፣ «መ» 15።

አንደኛ የወጣው ማነው? «ሀ» ነዋ። ሰፈሩ ሁሉ ይጨፍራል፣ መኪና ጥሩምባ ይነፋል። ግን 148 የለውም። ከትንሹ ከ«መ» ጋር ቢቀናጅ 145 ነው፤ ሦስት ጎደለው። ከ«ሐ» ጋር ቢሆን 175፣ ተመቻቸው። ነገር ግን ሁለተኛው «ለ»ም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። «ለ» እና «ሐ» ቢደመሩ 149 ይሆናሉ። አለፉ! እናም አንደኛ የወጣው ተቃዋሚ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ሁለተኛና ሦስተኛ የወጡት ያስተዳድራሉ። ይሄ ማጭበርበር አይደለም። ፓርላሜንታዊ ሥርዓት ማለት ይኸው ነው። ጥያቄው «ማን አንደኛ ወጣ?» ሳይሆን «ማን 148 ሰው ይዞ መጣ?» የሚል ነው።

አሁን «ሐ»ን ተመልከቱት። 45 መቀመጫ ብቻ ነው ያለው፤ ግን ሁለቱም ትልልቆቹ ይፈልጉታል። ጠዋት ከአንዱ ጋር ቁርስ፣ ማታ ከሌላው ጋር እራት ነው። ካቢኔው 20 ወንበር አለው ብንል፣ ከ«ሀ» ጋር ሲሆን «ሐ» ከጥምረቱ 175 መቀመጫ ያዋጣው ሩቡን ያህል ስለሆነ 5 ወንበር ይደርሰዋል። ከ«ለ» ጋር ከሆነ ግን ከ149ኙ 45ቱን ስላዋጣ 6 ይደርሰዋል። ስለዚህ «ሀ» አምስት ብሎ አይጨርስም። ወይ ስድስተኛ ወንበር ይጨምራል፣ ወይ ከአምስቱ አንዱ የማይናቅ ይሆናል።

ይህ በመዋጮህ ልክ ወንበር የማግኘት ነገር እኔ የፈጠርኩት ስሌት አይደለም። ዊልያም ጋምሰን የሚባል አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር በ1961 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ሐሳቡን ጽፎት፣ ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ካቢኔዎች ላይ ሲፈተሽ በአብዛኛው እውነት ሆኖ ተገኝቷል። ትንንሾቹ አንዳንዴ ከድርሻቸው ትንሽ ከፍ ያለ ያገኛሉ። ለምን እንደሆነ ከ«ሐ» እራትና ቁርስ መገመት ይቻላል።

ግን 149 የሚያስተማምን ቁጥር ነው? ሁለት አባላት ቢያኮርፉ 147 ነው፤ አለቀ። ስለዚህ «ለ» በጠባብ ቁጥር የሚያስተዳድር ከሆነ እያንዳንዱ የምክር ቤት አባል ባለ ዋጋ ነው። አንዱ ታሞ ቢቀር ጭንቀት ነው።

የዚህ ነገር ጥጉን ሕንድ አሳይታለች። ጃርካንድ በሚባለው ግዛት ምክር ቤቱ 81 መቀመጫ አለው። በ2006 (የሕንዱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ማዱ ኮዳ የተባለ ሰው የግዛቱ ዋና ሚኒስትር ሆነ፤ በእኛ ርዕሰ መስተዳድር ማለት ነው። ሰውየው የየትኛውም ፓርቲ አባል አልነበረም። በግል የተመረጠ፣ ከ81 አንዷን መቀመጫ የያዘ ብቻውን የመጣ ሰው ነው። ትልልቆቹ ፓርቲዎች እርስ በርስ «አንተ ከምትሆን እሱ ይሁን» ብለው እሱን ፊት አስቀመጡት። ሁለት ዓመት ገደማ መራ። አጎቴ ይሄን ስነግራቸው «በሬ የሌለው ሰው ቀንበሩን ያዘ በለኛ!» አሉ። በትክክል።

ወንበር ሁሉ ወንበር አይደለም

አሁን ሚኒስትሮቹን እንቁጠር ስንል ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ጋዜጣው «እገሌ ፓርቲ 8 ወንበር፣ እገሌ 6 ወንበር አገኘ» ይላል። እሺ፤ የትኞቹን?

በእኛ ክልል ቋንቋ ላስቀምጠው። ገንዘብ ቢሮን የያዘ ሰው የሌላው ቢሮ በጀት በእሱ ጠረጴዛ ላይ ያልፋል። ሰላምና ጸጥታን የያዘ ፖሊስና ሚሊሻ ጋ ቅርብ ነው። መሬት ቢሮ ደግሞ መሬት ነው፤ ለሸዋ ሰው መሬት ምን እንደሆነ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ባህልና ቱሪዝም ክቡር ቢሮ ነው፤ አንኮበርንም ጓሳንም ያያል። ግን ማንም ፓርቲ በባህልና ቱሪዝም የተነሳ ከጥምረት አይወጣም። ድርድሩ ሌሊት የሚያድረው በሦስት አራት ወንበሮች ላይ ነው። የቀሩት በሚቀጥለው ቀን ከሰዓት በኋላ ይከፋፈላሉ።

ድርድሩ ላይ ያሉ ሰዎች ሌሎች ዘዴዎችም አሏቸው። አንዱ፣ ሚኒስትሩ ከአንዱ ፓርቲ ሲሆን ሚኒስትር ዴኤታውን ከሌላው ማድረግ ነው። ምክትሉ ያግዛል ይባላል፤ ያያልም። በየሳምንቱ ፋይሉን የሚያይ ዓይን ቤት ውስጥ አለ ማለት ነው። መተማመን ሲጠፋ የሚሠራ ዘዴ ነው እንጂ ፍቅር አይደለም።

ሌላው አፈ ጉባኤው ነው። አፈ ጉባኤ ካቢኔ ውስጥ የለም። ስለዚህ ሰው ሲቆጥር ይዘለዋል። ግን አጀንዳ የሚያስይዝ፣ ድምፅ የሚያስቆጥር፣ አንዳንድ አገር ደግሞ ከፓርቲው የከዳን አባል መቀመጫ ይነጠቅ አይነጠቅ የሚል እሱ ነው። ስለዚህ በድርድር ላይ ከሁለት ከሦስት ተራ ሚኒስትርነት ይበልጣል። ከዚህ ውጪ ደግሞ ካቢኔ ሳይገቡ ከውጭ መደገፍም አለ። «ሚኒስትር አንፈልግም፣ በጀት ላይ ግን ድምፅ እንሰጣችኋለን» ማለት ነው። ይሄኛው ለትንንሽ ፓርቲዎች ብልህነት ሊሆን ይችላል። ጥፋቱ ሲመጣ እጃቸው የለበትማ።

ወንበር በማባዛት ሁሉንም ማስደሰትስ አይቻልም? ተሞክሯል። ኡታር ፕራዴሽ በተባለው የሕንድ ግዛት በ1997 ካልያን ሲንግ 93 ሚኒስትር ያለው ካቢኔ አቋቁመዋል። ዘጠና ሦስት! ከሌላ ፓርቲ ከድቶ የመጣ ሁሉ ሚኒስትር ሆነ። ሕንዶች በኋላ ሰለቻቸው። በ2003 ሕገ መንግሥታቸውን አሻሽለው የግዛት ካቢኔ ከምክር ቤቱ አባላት 15 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰኑ። ትንንሽ ግዛቶች እንዳይጎዱ ደግሞ 12 ይፈቀዳል አሉ። ጎዋ 40 መቀመጫ ነው ያላት፤ 15 በመቶው 6 ስለሚሆን 12 መድረስ የምትችለው በዚህ ነው። ይህ ሕግ ባይኖር ኖሮ የጥምረት ድርድር ቀላል ይሆን ነበር፤ ሕዝቡ ግን የሚኒስትር መኪና ነዳጅ ሲከፍል ይኖር ነበር።

የማሃራሽትራ ትምህርት

ሙምባይ ያለችበት ግዛት ማሃራሽትራ ትባላለች። ምክር ቤቷ 288 መቀመጫ አለው፤ አብላጫው 145 ነው። በ2019 ምርጫ ቢጄፒ የተባለው ፓርቲ 105 አገኘ፣ ሺቭ ሴና 56፣ ኤንሲፒ 54፣ ኮንግረስ 44። ቢጄፒና ሺቭ ሴና ከምርጫው በፊት ተቀናጅተው ነው የተወዳደሩት። ሲደመሩ 161። ነገሩ ያለቀ ይመስላል።

አላለቀም። ሺቭ ሴና «የዋና ሚኒስትርነቱን አምስት ዓመት እኩል እንካፈላለን፣ ሁለት ዓመት ተኩል እኛ፣ ሁለት ዓመት ተኩል እናንተ፤ እንዲህ ነው ቃላችን» አለ። ቢጄፒ «እንዲህ ብለን አልተስማማንም» አለ። አጎቴ የበልጉን ዝናብ አስታወሱ። ማን ቀድሞ ያርሳል? ተመሳሳይ ጥያቄ ነው፤ ማሳው ብቻ ሰፋ።

ሺቭ ሴና በሬውን ፈትቶ ወጣ። ከዚያ የሆነው ፊልም ነው። ኅዳር ላይ፣ በ23ኛው ቀን በማለዳ፣ ሙምባይ ገና ሳትነቃ፣ የቢጄፒው ዴቬንድራ ፋድናቪስ ዋና ሚኒስትር ሆነው ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ምክትላቸው ደግሞ ከኤንሲፒ ሾልከው የመጡት አጂት ፓዋር ናቸው። አጂት ፓዋር ፓርቲያቸውን ይዘው ይመጣሉ ተብሎ ነበር። ፓርቲው አልመጣም። ሰማንያ ሰዓት ያህል ቆይቶ መንግሥቱ ፈረሰ። ቁጥር የሌለው መሐላ ነበር።

ከዚያ ሺቭ ሴና፣ ኤንሲፒና ኮንግረስ ተቀናጁ። 56፣ 54፣ 44። ድምሩ 154። በርዕዮተ ዓለም እሳትና ጭድ ናቸው፤ ሺቭ ሴና የሂንዱ ብሔርተኛ ነው፣ ኮንግረስ ደግሞ ዕድሜውን ሁሉ እሱን ሲቃወም የኖረ ነው። ያስማማቸው «ቢያንስ በዚህ በዚህ እንስማማ» ብለው የጻፉት የጋራ ፕሮግራም ነው። የገበሬ ዕዳ፣ ሥራ፣ ጤና። ስለ ሃይማኖት ብዙ አልተነካካም። ይሄ ብልጠት ነው። በጥምረት ውል ውስጥ የሚጻፈውን ያህል ሆን ተብሎ የማይጻፈው ይናገራል።

105 መቀመጫ ይዞ አንደኛ የወጣው ቢጄፒ ተቃዋሚ ሆነ። የሺቭ ሴናው ኡዳቭ ታኬሬይ ዋና ሚኒስትር ሆኑ። በመጀመሪያው ቀን ስድስት ሚኒስትር ብቻ ነው አብሯቸው የማለው፤ ከየፓርቲው ሁለት ሁለት። ከአንድ ወር በኋላ 36 ተጨመሩ። ታኬሬይን ጨምሮ 43። ከ288 15 በመቶው 43 ነው። ጣሪያውን ነኩት ማለት ነው፤ አንድ ተጨማሪ ወንበር እንኳ አልቀረም።

አከፋፈሉን እዩት። ዋና ሚኒስትሩ ከሺቭ ሴና። ፖሊስን የሚያዘው የአገር ውስጥ ጉዳይ ለኤንሲፒ። ገንዘብም ለኤንሲፒ፤ እሱን የያዙት ደግሞ እነዚያው አጂት ፓዋር ናቸው፣ ምክትል ዋና ሚኒስትርነቱን ጨምረው። (ወር ሳይሞላ ከድተው የተመለሱ ሰው የገንዘብ ካዝናውን ያዙ። በእኛ አገር እድር ቢሆን ለዓመት ሂሳብ አይነኩም ነበር።) ለኮንግረስ የመሬት ገቢና የመንገድ ግንባታ፣ ከእነሱ በላይ ደግሞ አፈ ጉባኤው። ዋና ሚኒስትሩ ከላይ ናቸው፤ ፖሊሱም ካዝናውም ግን በሌላ ፓርቲ እጅ ነው። ይህንን ነው ወንበር መቁጠር አይበቃም የምለው።

የአፈ ጉባኤው ነገር ደግሞ አለ። የኮንግረሱ አፈ ጉባኤ በ2021 መጀመሪያ ላይ ለፓርቲ ሥራ ብለው ለቀቁ። ጥምረቱ ሌላ ሳይተካ ወንበሩ ከዓመት በላይ ባዶ ቆየ። ምክትሉ ይሠሩ ነበር። ማንም ብዙ አላሰበበትም። በሰኔ 2022 ግን ያ ባዶ ወንበር ትልቅ ጉዳይ ሆነ።

ምክንያቱም በዚያ ሰኔ የታኬሬይ የገዛ ፓርቲ ሚኒስትር ኤክናት ሺንዴ አብዛኞቹን የሺቭ ሴና አባላት ይዘው ጠፉ። መጀመሪያ ወደ ጎረቤት ግዛት ሆቴል፣ ከዚያ በአውሮፕላን አገር አቋርጠው ወደ ሌላ ሆቴል። በሕንድ ሕግ ከፓርቲው የከዳ አባል በአፈ ጉባኤው ውሳኔ መቀመጫውን ያጣል፤ ሁለት ሦስተኛው አብሮ ከሄደ ግን የሚያመልጥበት ቀዳዳ አለ። ሺንዴ ቁጥሩን ነበር የሚቆጥሩት። ታኬሬይ ድምፅ ሳይቆጠር ለቀቁ። ሰኔ 30 ሺንዴ ከቢጄፒ ጋር ተቀናጅተው ዋና ሚኒስትር ሆኑ። ምክትላቸው ማን ሆነ? ፋድናቪስ፤ የቀድሞው ዋና ሚኒስትር!

ከዚያ ደግሞ ሌላ አስገራሚ ነገር። እስከ ነሐሴ 9 ድረስ ከወር በላይ የማሃራሽትራ ካቢኔ ሁለት ሰው ብቻ ነበር። ሺንዴና ፋድናቪስ። ያን ያህል ሕዝብ ያለው ግዛት፣ ሁለት ሚኒስትር። ለምን? ሰው ጠፍቶ አይደለም፤ በዝቶ ነው። ቃል የተገባለት ብዙ፣ ወንበሩ ጥቂት። አንዱን ስትሾም ሌላው ያኮርፋል። ነሐሴ ላይ 18 ተጨመሩ።

ልብ በሉ፣ ታኬሬይን ያፈረሳቸው የተቀናጃቸው ፓርቲ አይደለም። የራሳቸው በሬ ነው የገመዱን ጫፍ የበጠሰው። መቀናጆው እዚህ ላይ ማነከስ ይጀምራል፤ የአጎቴ በሬ ተነስቶ ሌላ ቀንበር ውስጥ ገብቶ አያውቅም።

ወደ እኛ ስንመለስ

ሕገ መንግሥታችን ጥምረትን ያውቀዋል። «ጣምራ» የሚል ቃል ነው የሚጠቀመው። አንቀጽ 56 በተወካዮች ምክር ቤት አብላጫ መቀመጫ ያገኘ የፖለቲካ ድርጅት ወይም ድርጅቶች አስፈጻሚውን ያደራጃሉ ይላል። «ድርጅቶች» የሚለው ብዙ ቁጥር እዚያ ያለው በከንቱ አይደለም። አንቀጽ 60 ደግሞ ጣምራው ቢፈርስስ ለሚለው መልስ አለው። አብላጫው ከጠፋ ፕሬዚዳንቱ ፓርቲዎቹን ይጋብዛል፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሌላ ጣምራ ይመሠርታሉ። ካልተስማሙ ምክር ቤቱ ይበተናል፤ በስድስት ወር ውስጥ አዲስ ምርጫ ይደረጋል። እስከዚያ የቀድሞው መንግሥት የዕለት ተዕለት ሥራ እየሠራና ምርጫ እያዘጋጀ ይቆያል። አዲስ አዋጅ ማውጣት፣ ያለውንም ማሻሻል አይችልም።

አንድ ሳምንት! ቤልጂየም በ2010 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ከተደረገው ምርጫ በኋላ መንግሥት ለመመሥረት 541 ቀን ፈጅቶባታል። የእኛ ሕግ ግን ጣምራ ከፈረሰ ሰባት ቀን ነው የሚሰጠው። ሕጉን የጻፉ ሰዎች ጥምረት አንድ ቀን በእውነት ይመጣል ብለው አስበው ነበር ወይ እያልኩ እጠይቃለሁ።

አሁን ወደ አጎቴ ጥያቄ። በ2013ቱ ምርጫ በመጀመሪያ ከተገለጸው የ436 መቀመጫ ውጤት ውስጥ ብልጽግና 410 አሸንፏል። አብን 5፣ ኢዜማ 4። ኦነግ በምርጫው አልተወዳደረም። መስከረም 2014 ላይ 22 ሚኒስትሮች ሲሾሙ ሦስቱ ከብልጽግና ውጪ ነበሩ። ብርሃኑ ነጋ ከኢዜማ ትምህርት ሚኒስቴር፣ በለጠ ሞላ ከአብን ኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ፣ ቀጀላ መርዳሳ ከኦነግ ባህልና ስፖርት።

ይሄ ጥምር መንግሥት ነበር? የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ሦስቱ በማግስቱ ቢወጡ መንግሥቱ ይወድቅ ነበር? ሦስቱ ፓርቲዎች በዚያ ውጤት የነበራቸው ተደምሮ 9 መቀመጫ ነው። 9ኙ ሙሉ በሙሉ ቢሄድ ከ410ሩ ላይ ምንም አይነካም ነበር። እነዚህ ሰዎች በሬ ይዘው አልመጡም። ባለ ብዙ በሬ ሰውዬ «ኑ፣ አብረን እንረስ» ብሎ ጠራቸው። ሕጉም ይፈቅዳል፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሚኒስትር ከምክር ቤት ውጪ ሁሉ ማምጣት ይችላል።

ይህን ስል ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። በአገራችን የተቃዋሚ መሪና ካቢኔ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ብዙ ጊዜ ገብተው አያውቁም፤ ልምዱ ራሱ ነገር ነው። ግን ስሙ ሌላ ነው። ግብዣ እንበለው። የተጋበዘ ሰው ወጡን ሊያመሰግን ይችላል፤ ጨው በዛ ብሎ ድስቱን አያስወርድም። ችግሩ ደግሞ እዚህ አለ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት አባላት በጋራ ለሚወስኑት በጋራ ተጠያቂ ናቸው። ስለዚህ የተጋበዘው ሚኒስትር የማስወረድ ጉልበቱ ሳይኖረው ጨው የበዛበት ወጥ ተጠያቂ ይሆናል። ፓርቲው ገጠር ሄዶ «እኛ እኮ ተቃዋሚ ነን» ሲል ሰው ፊቱን ያየዋል።

እውነተኛ ጣምራ እኛ ጋ ያልመጣው ለምን ይሆን? አንዱ ምክንያት ምርጫው ራሱ ነው። በየምርጫ ክልሉ አንድ ድምፅ የበለጠ ሁሉንም ይወስዳል፣ ሁለተኛ የወጣው ባዶ እጁን ይሄዳል። ሦስት አራት ፓርቲ መሃል ላይ ተቀምጦ የሚፈለግበት ምክር ቤት እንዲህ አይወለድም። በ1997 እንኳ፣ ተቃዋሚው በጠነከረበት ጊዜ፣ በአማራ ክልል ምክር ቤት ኢሕአዴግ 188 ቅንጅት 106 ነበር ውጤቱ። 106 ብዙ ነው። ግን ገዢው 148 አልፎ ሄዷል፤ ማንንም አይፈልግም።

ኢሕአዴግ ራሱ አራት ድርጅት ያጣመረ ግንባር አልነበረም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ነበር፤ ምክር ቤቱም እኩል ነበር፣ ከየድርጅቱ 45 ሰው፣ 180። ግን አራቱ የተጣመሩት ከምርጫ በፊት ነው፤ አንዱ ሌላውን በአንድ የምርጫ ክልል አይወዳደረውም። መራጩ የጠመደውን ሳይሆን ቀድሞ የተጠመደውን ነው የመረጠው። በሽግግሩ ዘመን በ1983 የተቋቋመው የ87 መቀመጫ ምክር ቤት ለጥምረት ይቀርብ ነበር፤ ኢሕአዴግ 32፣ ኦነግ 12 ነበራቸው። ኦነግ በዓመቱ ሰኔ ላይ ወጣ። መንግሥቱ ግን ቀጠለ። ያ ራሱ ማን ስንት በሬ እንደነበረው ይናገራል።

አጎቴ ይሄን ሁሉ ሰምተው ስኒውን ደፉና አንድ ጥያቄ ቀራቸው።

«ታዲያ የእኛን ዞን ማን ነው የሚጣመርበት?»

ማንም። ሰሜን ሸዋ ዞን የራሱ የተመረጠ ምክር ቤት የለውም። በአማራ ክልል የራሳቸው ምክር ቤት ያላቸው ዞኖች የብሔረሰብ ዞኖቹ ናቸው፤ አዊ፣ ዋግ ኽምራና ኦሮሞ። እኛ ጋ ዞን ማለት የክልሉ ቅርንጫፍ ነው፤ የዞን አስተዳዳሪውም ከክልሉ ይሾማል። ስለዚህ ባሕር ዳር የተጣመረ ካለ እኛ ጋ የሚደርሰው ከላይ ወደ ታች ነው።

«ወረዳውስ?» አሉ።

ወረዳ ምክር ቤት አለው። በሕግ ደረጃ ወረዳ ላይ ማንም አብላጫ ባያገኝ ሁለት ፓርቲ ተቀናጅቶ የወረዳውን ካቢኔ ሊያዋቅር ይችላል። አንዱ አስተዳዳሪውን፣ ሌላው ግብርናውን ይይዛል።

«ግብርናውን የያዘው ነው የሚሻለው» አሉና ተነሱ። የመሐል ሜዳ መኪና ሊያመልጣቸው ነው። መናኸሪያው በር ላይ ስንደርስ ብርድ ልብሱን አለመግዛታችን ትዝ አለን።